የአጎቴ ቁንዶ በርበሬ መድኃኒት የለውም

ፎቶው የመጣው የካቲት ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው። ከአጎቴ፣ በቴሌግራም። አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ተይዟል፤ ግማሹ ደብዝዟል። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። «እንደምን አደርሽ? እስቲ ይቺን ቅጠል እዪልኝ፤ የቁንዶ በርበሬዋ ናት። ምን እንደነካት አላወቅኩም። ምን መድኃኒት ልርጭባት? የተማርሽው ለዚህ አይደል?»

እውነቱን ነው፣ የተማርኩት ለዚህ ነበር። ዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ፣ ከዕፅዋት ጋር ምንም በማያገናኝ ቢሮ ውስጥ ነው። የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆነ አላራዝመውም። ለዘመድ ግን ይህ ሰበብ አይሆንም። አንዴ «ግብርና ተምራለች» ከተባለ የላሟም፣ የዶሮዋም፣ የቡናውም ጥያቄ እኔ ስልክ ላይ ነው የሚገባው። ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁም፣ ግብርና ባትማሩ እንኳ፣ ጥሩ ስልክ ስለያዛችሁ ብቻ የቤተሰቡ ባለሙያ ተብላችሁ ይሆናል።

ልመልስለት የነበረው መልስ ጣቴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ቢጫ ከሆነ ምግብ አንሷት ነው፤ ፍግ ጨምርላት።» ያስቆመኝ የቢጫው አቀማመጥ ነው። ምግብ ያነሰው ቅጠል ሲነጣ ወይም ቢጫ ሲሆን ግራና ቀኙ ይመሳሰላል፤ አንድ ሥርዓት አለው። ይሄኛው ሥርዓት የለውም። አረንጓዴው ላይ ቢጫ ቀለም እንደተረጨበት ሸማ ዥንጉርጉር ነው። ደግሞ ቅጠሉ ከአጎቴ አውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የቁንዶ በርበሬ ቅጠል እንደ መዳፍ ሰፊ መሆን ነበረበት።

«ጋሼ፣ አራት ፎቶ ጨምርልኝ» አልኩት። «አንዱ ሙሉዋን ከነዛፏ፤ አንዱ አዲስ የወጣውን ጫፏን፤ አንዱ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ቀርበህ፤ አንዱ ደግሞ አጠገቧ ያለችውን ጤነኛዋን።» ኔትወርኩ አስቸግሮት ፎቶዎቹ ተጠቃለው የደረሱኝ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

አጎቴ የሚኖረው ሸካ ዞን፣ ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ወደ 600 ኪሎ ሜትር። ዝናቡ የማይሰስትበት፣ ሙቀቱም የማይጨክንበት አገር ስለሆነ ቡናውም ኮረሪማውም ቁንዶ በርበሬውም ይስማማዋል። ቁንዶ በርበሬ ስሙ ነው እንጂ የበርበሬ ዘመድ አይደለም። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ቁንዶ በርበሬ ግን መነሻው የሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የሆነ፣ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግ ነው። ዘመዱን ከአገራችን ከፈለጋችሁ እዚያው የሸካና የከፋ ጫካ ውስጥ አለች፤ ጥምዝ። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሯት ያቺው ረዥሟ ቅመም።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ጤነኛዋ ግራቪሊያዋን ጥቅጥቅ አድርጋ ለብሳዋለች። የታመመችው የተሸሸች ትመስላለች። በአንጓና በአንጓ መሃል ያለው ርቀት አጥሯል፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች አንሰው፣ ተሸብሽበው፣ አንዳንዶቹም ተጣመው ቀርተዋል። ዘለላዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ፍሬውም እንደ ወላቃ ጥርስ እዚህም እዚያም ነው የያዘው። ከተማሪነቴ ጊዜ አንድ ቃል ትዝ አለኝና ሆዴ ቡጭ አለ። ቫይረስ።

የአጎቴ ልጅ በዚህ መሃል እኔን አልጠበቀም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስልክ ላይ ከእኔ ይበልጣል። ፎቶውን የተክል በሽታ እናውቃለን ከሚሉ አፕሊኬሽኖች አንዱ ላይ ጭኖት «የማግኒዚየም እጥረት፣ 87 በመቶ» የሚል መልስ አግኝቷል። በማግስቱ ከተማ ወርዶ ከአንድ መድኃኒት ሻጭ የፈንገስ መድኃኒትና በቅጠል የሚረጭ ማዳበሪያ ገዝቶ ተመለሰ። ሻጩ «ሁለቱን ቀላቅለህ ርጭ፤ አንዱ ካልያዘ አንዱ ይይዛል» ብሎታል። አልፈርድበትም። አንድ ቅጠል ብቻ ያየ ሰውም ሆነ ማሽን ከዚህ የተሻለ ሊል አይችልም። የማግኒዚየም እጥረት ግን የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ነው፤ በጅማቶቹ መሃል ያለውን ቦታ ቢጫ ያደርጋል እንጂ አዲሱን ቅጠል አያጨማድደውም። ቁንዶ በርበሬን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሥሯ አበስብሶ የሚጥለው በሽታም ሌላ ነው፤ እሱ ቅጠሉን አጥቁሮና አርግፎ ተክሏን ይገድላታል። መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ቢረዳ ለዚያኛው ነው።

ቫይረስ ሲሆን ግን የሚረጭ ነገር የለም። ይህን ለአጎቴ ማስረዳት ከጠበቅኩት በላይ አስቸገረኝ፤ ምክንያቱም ለእሱ «በሽታ» እና «መድኃኒት» ተነጣጥለው የሚሄዱ ቃላት አይደሉም። ፈንገስ የራሱ አካል ያለው ነገር ነው፤ መርዙ ይነካዋል። ቫይረስ ግን ተክሏ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የራሷን ጓዳ፣ የራሷን ምጣድ እየተጠቀመ ራሱን ያባዛል። እሱን ለመግደል የሚረጨው ነገር እሷንም መግደል ይኖርበታል። እኛ ሰዎች ብንታመም ሰውነታችን ተዋግቶ ሊያስወጣው ይችላል፤ አንዴ በቫይረስ የተያዘች የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ግን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ይዛው ትኖራለች።

«ታዲያ ትሞታለች?» አለኝ።

«አትሞትም ጋሼ። ችግሩም እሱ ነው።»

ብትሞት ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ነቅሎ መጣል ነው። ዓመት ከዓመት ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች፣ አንዳንዱን ዓመት ደግሞ አገግማ እየመሰለች ትኖራለች። ገበሬው ደግሞ ፍሬ የሚሰጥን ተክል አይነቅልም። ቁንዶ በርበሬ ተተክላ ማፍራት የምትጀምረው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው፤ ሙሉ ምርት ላይ የምትደርሰውም ሰባት ስምንት ዓመት ቆይታ ነው። ያን ያህል የጠበቃትን ሐረግ «ቅጠሏ ዥንጉርጉር ነው» ተብሎ የሚጥል ማን ነው?

የዓድዋን በዓል ከፈቃድ ጋር አያይዤ ወረድኩ። መንገዱን አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል።

ግቢው እንደደረስኩ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ ሌሎቹን ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«ከሷ ነዋ» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አኳኋን። «ሁሉም የሷ ልጆች ናቸው።»

ከስድሳ በላይ ሐረግ አለው። «እናትየዋ» የሚላትን ያገኛት ከብዙ ዓመት በፊት፣ እርሻ ላይ ይሠራ ከነበረ ወዳጁ ነው። ሌሎቹን ሁሉ ከእሷ እየቆረጠ ነው ያባዛቸው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ ችግኝ እያፈላ ሊሸጥ አስቦ፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ 1000 የችግኝ ፕላስቲክ በአፈርና በፍግ ሞልቶ ከጥላው ሥር ደርድሯል። ቁራጩን ከየት ሊያመጣ? ከእናትየዋ። በዘመድ ሁሉ ዘንድ ስሟ የታወቀ ምርታማ እሷ ነበረቻ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ነው። ቁንዶ በርበሬ የሚባዛው በአብዛኛው በፍሬው አይደለም። ከግርጌዋ ተነስቶ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ሐረግ ሁለት ሦስት አንጓ እያደረጉ ቆርጠው አፈር ውስጥ ሲተክሉት ሥር ያወጣል። ይህ ቁራጭ የእናቱ ልጅ አይደለም፤ ራሷ እናትየው ናት፣ ሌላ ቦታ የቆመች። ምርታማነቷም ጣዕሟም ሳይጓደል ይሄዳል፤ ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ቫይረሱም ሳይጓደል አብሮ ይሄዳል። በሕንድና በስሪላንካ ሐረጉን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ እየመሩ የሚያባዙበት ፈጣን ዘዴ አለ፤ ከአንዱ ቁራጭ በዓመት 40 ያህል ይገኝበታል። ጥሩ ዘዴ ነው። መነሻዋ የታመመች ከሆነች ግን በዓመቱ 40 የታመሙ፣ በሁለተኛው ዓመት 1600 የታመሙ ችግኞች አሉ ማለት ነው፤ ያለ አንዲት ነፍሳት እርዳታ፣ በሰው ትጋት ብቻ።

ይህን ነገር እኛ በሌላ ሰብል አይተነዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ የደቡብን አካባቢ ሲመታ እኔ ልጅ ነበርኩ። እሱ ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። በሀደሮ ጡንጦ፣ በቦሎሶ ቦምቤና በሌሎችም የዝንጅብል አገሮች ማሳው ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ገበሬ ጥቂት አልነበረም፤ ሸካና ቤንችም አልቀሩለትም። በሽታው ከአገር አገር ከተሻገረባቸው መንገዶች ዋነኛው የዘር ዝንጅብሉ ራሱ ነበር፤ ሰው በጆንያ ተሸክሞ፣ ገንዘብ ከፍሎበት። አጎቴ ያን ጊዜ ዝንጅብል ነበረው። ወደ ቁንዶ በርበሬ ያዞረውም እሱ ነው። ይህን ሳነሳበት ዝም አለ፤ ቁራጭና በሽታ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በቁንዶ በርበሬ አገሮች ይህ የቫይረስ ነገር አዲስ አይደለም። ሕንድ ውስጥ በኬረላ ግዛት፣ በተለይ ከፍታ ባላቸው በዋያናድና በኢዱኪ፣ «አቀጭጭ» ልንለው የምንችለው በሽታ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የዓለም ትልቋ ቁንዶ በርበሬ አምራች ቬትናም ገበሬዎች ደግሞ «እብድ ቁንዶ በርበሬ» ነው የሚሉት፤ ቅጠሉ እንዳበደ ሰው ፀጉር ስለሚሆን ይመስለኛል። ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር አያይዘው የሚያነሷቸው በዋናነት ሁለት ቫይረሶችን ነው። አንደኛው የቁንዶ በርበሬ ቢጫ ዥንጉርጉር ቫይረስ ይባላል። ሁለተኛው የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ነው፤ ስሙ የኪያር ይሁን እንጂ ከ1000 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይይዛል፤ ቲማቲሙንም፣ ሙዙንም፣ ትክክለኛውን በርበሬም፣ ብዙ አረሞችንም። አጎቴ ከሐረጎቹ ሥር ዱባና ቲማቲም ይተክላል። «ቦታ አይባክንም» ነበር የሚለኝ።

ታዲያ ከተክል ወደ ተክል ማን ያሸጋግረዋል? የኪያሩን ቫይረስ የሚያመላልሰው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የታመመ ቅጠል ላይ አፉን ሰክቶ ለመቅመስ ያህል ቢመጥ፣ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ቫይረሱን ይይዛል፤ ቀጥሎ ያረፈበትን ቅጠል ሲቀምስ ያስተላልፋል። ስለዚህ መርዝ መርጨት እምብዛም አያስጥልም፤ መርዙ እስኪገድለው ድረስ ሥራውን ጨርሷል። ቢጫ ዥንጉርጉሩን የሚያመላልሱት ደግሞ ሚሊባግ የሚባሉት ናቸው፤ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ ቅጠል ጀርባና አንጓ ሥር ተለጥፈው የሚቀመጡ ቀርፋፋ ነፍሳት። በራሳቸው ብዙ አይሄዱም። ተሸካሚ ግን አላቸው፤ ጉንዳን። ከሚሊባጉ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ብሎ ጉንዳኑ ይጠብቃቸዋል፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላውም ይወስዳቸዋል። የቅጠሉን ጀርባ ፎቶ ያስላክሁት ለዚህ ነበር። ደብዛዛው ፎቶ ላይ፣ በአንጓው ጥግ፣ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። ግንዱ ላይ ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሐረግ በሐረግ ዞርን። እሱ ስልኩ ላይ እየመዘገበ፣ እኔ ቅጠል እየገለበጥኩ። የታመሙትን ቀይ ክር፣ የምንጠራጠራቸውን ቢጫ ክር አሰርንባቸው። ሲያልቅ አሥራ አንድ ቀይ ሆነ። ልጁ ዝርዝሩን ሲያየው እኔ ያላስተዋልኩትን አስተዋለ። «እነዚህ እኮ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ባለፉት ሦስት ዓመታት የተተከሉት ናቸው።» ሁለቱ ደግሞ ከእናትየዋ ጎን የቆሙት ነበሩ። አሮጌዎቹ፣ ድሮ ከእሷ የተቆረጡት፣ ደህና ናቸው። እናትየዋ ሲያመጧት ጤነኛ ሳትሆን አትቀርም፤ በመሃል የሆነ ነፍሳት አምጥቶባት፣ ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ሁሉ ይዞት ሄደ ማለት ነው። ለነገሩ ላቦራቶሪ ሳይገባ ቫይረስ ነው ብዬ አልምልም። ምልክቱ ከሌላ ነገር ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ቁርጡን የሚናገረው የቅጠሉ ናሙና እንደ አምቦ ባለ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሲታይ ነው። ቁራጭ መውሰድ ለማቆም ግን ጥርጣሬው ብቻ በቂ ነው።

ልጁ ያበሸቀው ሌላ ነገር ነበር። «ባለፈው ሰኔ ስቆርጥ እኮ ምንም አልነበረባትም!» አለ። ልክ ነው፣ አልነበረባትም፤ ማለትም አልታየባትም። ይህ በሽታ ምልክቱ ከሙቀት ጋር ይገናኛል። በሞቃቱ ወቅት ቅጠሉ ላይ ግልጥልጥ ብሎ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ሲልና ተክሏ በዝናብ ስትለመልም ይደበቃል። እኛ ደግሞ ቁራጭ የምንወስደው ክረምቱ ሲገባ፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እናት ተክል መመረጥ ያለባት በበጋ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ዞሮ አይቶ፣ ምርቷንም አስታውሶ፣ ክር አስሮ፣ ሰኔ ሲመጣ ክሩን ብቻ ተከትሎ መቁረጥ። በኬረላ ከተመረጠችው እናት ሥር የሚወጣውን ሐረግ መሬት ነክቶ ሥር እንዳያወጣ እንጨት ላይ ጠቅልለው ያቆዩታል። ይህን ነገር ለልጁ ሳሳየው ወዲያው ሄዶ ካስማ መትከል ጀመረ፤ ከደህናዎቹ ሥር።

«በፍሬ ብናበቅለውስ? ቫይረሱ አይቀርም?» ብሎኝም ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢጫ ዥንጉርጉሩ በዘርም ሊተላለፍ እንደሚችል ሕንድ ውስጥ ታይቷል፤ ከዘር የበቀለውም ምርቱ እንደ እናቱ መሆኑ ዋስትና የለውም። ንጹሕ ለማድረግ የሚሠራው ዘዴ የላቦራቶሪ ነው። የቡቃያው ጫፍ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የምታንሰው ነጥብ፣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ያልደረሰባት ስለሆነች እሷን ቆርጦ በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ፣ ከዚያ መመርመር። ኮዢኮድ ያለው የሕንድ የቅመማ ቅመም ምርምር ተቋም እናት ተክሎች ለቫይረስ የሚመረመሩበትን አገልግሎት ይሰጣል፤ ችግኝ አፍላው ቅጠል ይዞ ሄዶ «ይቺ ንጹሕ ናት» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። እኛም ጋ እንዲህ ቢሆን ብዬ መመኘቴ አልቀረም። ለጊዜው ቅርብ ያለው ቴፒ የሚገኘው ብሔራዊ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ነው፤ ታቶና ጋቸብ የሚባሉትን የቁንዶ በርበሬ ዝርያዎች ያወጣውም እሱ ነው። ችግኝ የሚገዛ ሰው ቢያንስ «እናቱ የት ነው ያለችው? በበጋ አይቻት እመጣለሁ» ሊል ይገባል። ሻጩ ካቅማማ መልሱን ሰጥቷል።

ማሳው ላይ የሚሠራው ሥራ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚከብደው ቅደም ተከተሉ ነው። ቸኩሎ የታመመችውን ጎትቶ ቢነቅል፣ ላይዋ ላይ ያሉት ሚሊባጎችና ክሽክሾች ረግፈው ወደ ጎረቤቷ ነው የሚሄዱት። እኛ መጀመሪያ በሳሙና ውኃ አንጓ አንጓዋን አጠብን፤ የጉንዳኑንም መንገድ ከግንዱ ላይ አጸዳን። ከዚያ ቆርጦ፣ ሥሯን ቆፍሮ አውጥቶ፣ እዚያው ማቃጠል። ሥሩን መተው አይቻልም፤ ሥር ቀረ ማለት ቡቃያ ተመልሶ ይወጣል፣ ሚሊባጉም ሥር ላይ ይደበቃል። ቢላዋውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት በበረኪና እያጸዳን ነበር፤ ይህ የጥንቃቄ ጥንቃቄ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ዱባውና ቲማቲሙ ከሐረጎቹ ሥር ተነስቶ ወደ ጓሮው ጫፍ ሄደ። የአጎቴ ሚስት ለዚህኛው እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

አሥሩ በአንድ ቀን ወጡ። እናትየዋ ላይ ስንደርስ አጎቴ «እሷን ተዋት» አለ።

«ጋሼ...»

«ትሰጠኛለች እኮ። ዘንድሮም ሰጥታኛለች። ቁራጭ አልወስድባትም፤ እንዲሁ ትኑር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አመነታሁ። ቁራጭ ካልተወሰደባት ጉዳቷ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ራሴን ማሳመን ጀምሬ ነበር። ግን ክሽክሽ የአጎቴን ቃል አይሰማም። ስድሳ ሐረግ መሃል የቆመች የቫይረስ ምንጭ ናት። ይህን ነገርኩት፤ መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ።

ልጁ ሺህ ፕላስቲኩን አልጣለውም። ከአሮጌዎቹ መሃል በበጋ ያየናቸውን ሰባት ሐረጎች ብቻ መርጦ ሰኔ ላይ ቆረጠባቸው፤ 200 አካባቢ ብቻ ሞላ። በነጭ መረብም ሸፍኖታል። ሌላው ፕላስቲክ ላይ ለጊዜው የቡና ችግኝ አፍልቶበታል። «ሰው ለምን ከሌላው ጋ ይወደዳል ይለኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ምን እንደሚመልስ ጠየቅኩት። «ክሩን አሳያቸዋለሁ።»

አጎቴ ዝም ያለበት ምክንያት ግን እናትየዋ ብቻ እንዳልነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከእሷ የቆረጠውን ሁሉ እሱ አልተከለውም። ለአራት ጎረቤት ሰጥቷል፤ በነፃ፣ «አንተም ትከልና እይ» ብሎ። አንዷ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ እንዲያውም መርጦ ደህና ደህናውን የሰጠው ለእሷ ነው። በእኛ አገር ቁራጭ በገንዘብ አይጠየቅም፣ የጠየቀም አይከለከልም። አሁን ሄዶ «የሰጠሁሽ በሽታ ነው፣ ንቀዪው» ሊል ነው? ሦስት ዓመት ስትኮተኩት ለኖረች ሴት?

መጋቢት መጨረሻ ላይ ፎቶ ላከልኝ። ይሄኛው አልደበዘዘም። የእናትየዋ ግራቪሊያ ራቁቱን ቆሟል፤ ከሥሩ አመድ። የመጨረሻው ፍሬዋ ጎን ላይ ባለው ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ጠቁሮ እስኪጨማደድ እየደረቀ። የድምፅ መልእክት አልነበረውም።

ማታ ደወልኩ። ከእሱ ጀርባ የሰው ድምፅና የሲኒ ኳኳታ ይሰማል። የት እንደሆነ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚች ጎረቤታችን ቤት ነኝ። ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ ተቆጣች። አሁን ቡና አፍልታለች።» ትንሽ ቆየና «ስልኩን ልስጣትና አንቺ ራስሽ ስለ ጉንዳኑ ንገሪያት፤ እኔን አላመነችኝም» አለኝ።